የወባ ሞዴሌ በበጋ ዜሮ ላይ ቁጭ አለብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎችን በሒሳብ ሞዴል ለማጥናት ለወጣ የተመራማሪ ሥራ አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። የራሴን ሞዴል ማቅረብ አለብኝ። የመረጥኩት የድሬዳዋን ወባ ነው፤ ተይዤ የቀረሁትም እዚያው ላይ ነው።

መነሻዬ የሮስና የማክዶናልድ ሞዴል ነው፤ ወባ በሰውና በትንኝ መካከል እንዴት እንደሚዘዋወር የሚያሰላ የታወቀ ሞዴል ነው። የትንኝ እጭን (ገና ውሃ ውስጥ ያለችውን) ብዛት ከዝናብ ጋር አያይዤዋለሁ። ለለመድናት የወባ ትንኝ፣ ለአኖፌለስ አራቢየንሲስ፣ ቆንጆ ይሠራል። ድሬዳዋ ላይ ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ወባው የተነሳው በበጋ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ሌላዋ የወባ ትንኝ በርሜልና ገንዳ ውስጥ ስለምትራባ ዝናብ አትጠብቅም። የእኔ ሞዴል ደግሞ «በበጋ ትንኝ የለም» ብሎ ድርቅ ይላል።

ዝናቡን አውጥቼ ቋሚ የውሃ ማጠራቀሚያ ሳስገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ስቴፈንሲ ከሰው ሌላ ፍየልና ከብትም ትነክሳለች። ሰውን የምትነክስበት መጠን ደግሞ ቀመሩ ውስጥ በራሱ ይባዛል፤ ትንሽ ስነካው ውጤቱ ይገለባበጣል። ብዙ ትንኝና ጥቂት ንክሻ፣ ወይም ጥቂት ትንኝና ብዙ ንክሻ፣ የታማሚው ቁጥር ለሁለቱም እሺ ይላል!

ሁለቱን ለመለየት ምን መረጃ ላስገባ? የእጭ ቆጠራ ይበቃል ወይስ ትንኟ የማንን ደም እንደጠጣች የሚያሳይ የላብራቶሪ ውጤት የግድ ነው? ኮዱን የጻፍኩት በፓይተን ነው፣ ለሚያይልኝ እልካለሁ።