ለ12 ቀን ልሄድ ነው፣ ድመቴንና ውሻዬን ማን ላይ ጥዬ ልሂድ?

ሆደ_ባሻ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በሚቀጥለው ወር ለስራ 12 ቀን ከቤት እወጣለሁ፣ መቅረት አይቻልም፣ ይዣቸው መሄድም አይሆንም። ያሉኝ 9 አመት የሞላው ወንድ ድመትና የ4 አመት ሴት ውሻ ናቸው። ድመቱ አምና ሽንቱ ተዘግቶበት ለጥቂት ነው የተረፈው፣ ከዛ ወዲህ ሐኪሙ ካዘዘለት ምግብ ውጪ ምንም አይቀምስም። ውሻዋ ጤነኛ ናት ግን ነጎድጓድ ስትሰማ ታብዳለች፣ ያን ሰአት በር ገርበብ ብሎ ካገኘች አለቀ፣ ትፈተለካለች።

ሶስት አማራጭ አለኝ። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ነው፣ 19 አመቱ፣ እንስሳ ይወዳል ግን ስልኩ ላይ ተጥዶ የሚውል ልጅ ስለሆነ ልቤ አልረጋም። ሁለተኛዋ አፕ ላይ ያገኘኋት ሴት ናት፣ ስራዋ ይሄ ነው፣ ኮመንቷ በሙሉ አምስት ኮከብ ነው፣ አንድ ክፉ ቃል የፃፈባት የለም፣ እንደውም እሱ ራሱ አስጠረጠረኝ። ሶስተኛው የእንስሳት ማቆያ ነው፣ ሄጄ አየሁት ንፁህ ነው፣ ግን ድመቴ ቦታ ሲቀየርበት ምግብ የሚያቆም አይነት ነው።

እናንተ ሰው ስትመርጡ ምኑን አይታችሁ ነው የምታምኑት? ምን ትጠይቃላችሁ? ወደ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ እንዳልከርም እርዱኝ በናታችሁ።

ነጭ_መዳፍ፦

እህቴ እኔ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆኜ ለአመታት ሰርቻለሁ፣ "ባለቤቷ የለችም እኔ ጠባቂ ነኝ" እያለ በሌሊት እንስሳ ታቅፎ የሚመጣ ሰው ስንቱን አየሁ መሰለሽ። ከነሱ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር እንስሳ መውደድ ሌላ መጠበቅ ሌላ እንደሆነ ነው። ቤትሽ መጥቶ መሬት ላይ ተንከባሎ ውሻዋን የሚስም ሰው አያታልልሽ፣ እሱማ ማንም ያደርገዋል። አንቺ የምትቆጥሪው እሱ የሚጠይቅሽን ጥያቄ ነው። ድመቱ በቀን ስንቴ ይሸናል፣ ሲፈራ የት ይደበቃል፣ ውሻዋ ከአንገት ማሰሪያዋ ሾልካ ታውቃለች ወይ፣ ሐኪማቸው ማነው፣ ሌሊት የሚከፍተው ክሊኒክ የቱ ነው፣ አንቺን ስልክ ላይ ባላገኝሽ ማን ይወስናል። እነዚህን ሳይጠይቅ "አታስቢ፣ እኔ አለሁ" የሚል ሰው እኔን ያስፈራኛል።

አንቺ ደግሞ ይቺን ጠይቂ፦ "ድመቱ ቢያመው ምን ትሰጪዋለሽ?" የሰው መድሃኒት ስም ከጠራች እዛው ላይ አበቃ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ አንድ ፍሬ ይበቃዋል። ትክክለኛው መልስ "ምንም አልሰጠውም፣ ላንቺና ለሐኪሙ እደውላለሁ" ነው።

የድመትሽን ነገር ደግሞ አቅልለሽ እንዳታይው። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ አንዴ የተዘጋበት ሊደገምበት ይችላል። የሚሸናበት አሸዋ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል፣ ጠብታ ብቻ ወይ ጭራሽ ምንም የለም፣ አንዳንዱ ይጮሃል፣ ብልቱን ይልሳል። የማያውቅ ሰው "ሆዱ ደርቆበት ነው" ብሎ ለነገ ያሳድረዋል። ለነገ አይባልም፣ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በቀን አንዴ ብቅ ብሎ ምግብ ጥሎ የሚሄድ ሰው ላንቺ አይሆንም፣ ቢያንስ ጠዋትና ማታ፣ ቢቻል እዛው የሚያድር። አለመብላቱም እንደዛው ነው፣ ድመት ሁለት ሶስት ቀን ካልበላ ጉበቱ ላይ ስብ ይከማችበታል፣ ወፍራም ከሆነማ ይብሳል። "ናፍቆት ነው ይለምደዋል" እያሉ መጠበቅ የለም።

የቡችላ_አባት፦

ነገሩን አታክብዱት ባካችሁ። የአክስት ልጅ እያለ ምን ሰው ፍለጋ ነው? ቤት ውስጥ ሁለት ካሜራ ግጠሚ፣ አውቶማቲክ የምግብ መስጫ ግዢ፣ ልጁ ውሻዋን ያንሸራሽራት፣ አለቀ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው አንድ ቀን ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

ሦስት_ድመት፦

የቡችላ_አባት ወንድሜ ካሜራ ማየት እንጂ እንስሳውን አንስቶ ሐኪም ጋ ማድረስ አይችልም። ሺ ኪሎሜትር ርቀሽ እንስሳሽ ሲያምጥ በስልክ እያየሽ ምን ልታደርጊ ነው? መስጫ ማሽኑም መብራት ሲጠፋ ወይ ምግቡ ሲቀረቀር ያው እቃ ነው።

እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከሁለት አመት በፊት ጥሩ ናት የተባለች ልጅ ቀጥሬ ለ8 ቀን ሄድኩ። በየቀኑ ፎቶ ትልካለች፣ ልብ ልብ ያለው ኢሞጂ ትጨምርበታለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቁጭ ብያለሁ። አምስተኛው ቀን ላይ አንዱን ፎቶ አጉልቼ ሳየው መጋረጃው ላይ ያረፈው የፀሐይ ብርሃን ከመጀመሪያው ቀን ፎቶ ጋር አንድ ነው። ያው ጥላ፣ ያው ወለል ላይ የወደቀች ካልሲ። ለካ የመጀመሪያው ቀን ሀያ ምናምን ፎቶ አንስታ በየቀኑ እየመነዘረች ነው የምትልክልኝ! ያ አይደለም ግን የከፋው። በፎቶዎቹ ውስጥ ሁለቱ ድመቶች ብቻ ናቸው ያሉት፣ ሶስተኛዋ የለችም። ስጠይቃት "አልጋ ስር ናት፣ ትፈራለች እኮ" አለችኝ። አልጋ ስር አልነበረችም፣ ልጅቷ አየር ይግባ ብላ በከፈተችው መስኮት ወጥታ ጎረቤት እቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ነው ያገኘናት፣ ከስታ አጥንቷ ወጥቶ። ተርፋለች ተመስገን።

ከዛ ወዲህ ፎቶ አልቀበልም። አጭር ቪዲዮ፣ ድምፅ ያለው፣ የዛን ቀን ምን ቀን እንደሆነ ተናግራ፣ እያንዳንዱ እንስሳ በአይን ታይቶ። "ተደብቋል" የሚባል ሪፖርት የለም፣ ተንበርክከሽ ባትሪ አብርተሽ አይኑን አሳይኝ ነው የምለው።

አንድ ነገር ልጨምር ላንቺ በተለይ፦ ሳህኑ ባዶ ሆነ ማለት ድመቱ በላ ማለት አይደለም። ውሻዋ ልትልሰው ትችላለች። የድመቱ ምግብ በር ተዘግቶ ይሰጥ፣ የቀረው ይነሳ፣ ይሄን የሚጠብቀው ሰው በፅሁፍ ይያዘው አለበለዚያ ሶስተኛው ቀን ላይ ይረሳዋል።

ቁልፍ_ያዥ፦

እኔ ደግሞ በሌላኛው ወገን ነኝ፣ ሰው ቤት እየሄድኩ እንስሳ እጠብቃለሁ፣ ስድስት አመት ሆነኝ። በቅድሚያ አንድ ወቀሳ ላቅርብ፦ ባለቤቶች ትደብቃላችሁ! "ምንም አትነክስም" ተብዬ ገብቼ ሳህኗን ላነሳ ስጎነበስ እጄን የዘነጠለችኝ ውሻ አለች፣ በኋላ ስጠይቅ "እእ ምግቧ ላይ ትንሽ ትቆጣለች" አሉኝ። ትንሽ! የእብድ ውሻ ክትባቷ ወረቀትም ሊገኝ አልቻለም፣ እኔው መርፌ ስወጋ ከረምኩ። ስለዚህ ሆደ_ባሻ፣ ውሻሽ ነጎድጓድ ላይ የምትሆነውን ሳታለሳልሺ ንገሪያቸው፣ የክትባት ካርዳቸውንም ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። እውነቱን ስትሰማ የምትሸሽ ጠባቂ ከሆነች ቀድማ መሸሿ ይሻላል።

አምስት ኮከቡን በተመለከተ፣ ኮከቡን ተዪው ፅሁፉን አንብቢ። "በጣም ምርጥ ናት አመሰግናለሁ" የሚለው ምንም አይነግርሽም። "የጆሮ ጠብታውን በሰአቱ እያደረገች፣ አንዴ ሲያስመልሰው ደውላ" የሚል ካገኘሽ እሱ ሰው ነው የፃፈው። ከዛ ደግሞ ደግመው የቀጠሯት ሰዎች አሉ ወይ ብለሽ እይ። ሁለት የቀድሞ ደንበኛ ስልክ ጠይቂያት፣ እነሱን ስታገኚ "ጥሩ ናት ወይ" አትበይ፣ "የተበላሸ ነገር ምን ነበር፣ ያን ጊዜ ምን አደረገች" በይ። በኔ ስራ ያልተበላሸበት የለም። እኔ ራሴ አንዴ ቁልፍ ውስጥ ትቼ በሩን ዘግቼ ውጪ ቀርቻለሁ፣ ደግነቱ ሁለተኛው ቁልፍ ጎረቤት ጋ ነበር። አንቺም ሁለተኛ ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ይኑር።

ለምትፈተለክ ውሻ እኔ የማደርገው፦ ማሰሪያዋን ውስጠኛው ክፍል ላይ እያለን በር ዘግቼ አስራለሁ፣ የውጪውን በር የምከፍተው ከዛ በኋላ ነው። የደረት ማሰሪያና የአንገት ማሰሪያ ሁለቱንም፣ ለየብቻቸው ገመድ። አንዱ ቢያመልጥ አንዱ ይይዛታል። ነጎድጓድ ካለ መጋረጃ ይዘጋል፣ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ሽንት ይቆይ። ከቆዳዋ ስር የሚገባ ማይክሮቺፕ ካላት ደግሞ ያው የ15 ዲጂት ቁጥር ነው እንጂ ጂፒኤስ አይደለም፣ የት እንዳለች አይነግርሽም፣ የተመዘገበበት ስልክ የድሮ ከሆነ ቺፑ ኖረ አልኖረ አንድ ነው፣ ግቢና ቼክ አድርጊ።

ሶስት ነገር ደግሞ ሳታፍሪ ጠይቂ። ከሷ ሌላ ቤትሽ የሚገባ ሰው አለ ወይ፣ እሷ ብትታመም ማን ይተካታል፣ እና በዛን ሰሞን ስንት ሌላ ቤት ይዛለች። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ፊቷን ሳታዪ ሙሉ ብር ቅድሚያ ላኪ የምትል ከሆነች ደግሞ ወሬም አያስፈልግም። ለክሊኒኩም ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ "እከሌ ይዟቸው ቢመጣ አክሙልኝ፣ እስከዚህ ድረስ ሳትጠይቁኝ አውጡ" ብለሽ በፅሁፍ አስቀምጪ፣ በሌሊት ጠባቂው ብር ከየት ላምጣ እያለ ሰአት እንዳይገድል።

ነጭ_መዳፍ፦

ቁልፍ_ያዥ ያለው ላይ ልጨምር፣ ማቆያውን የምትመርጪ ከሆነ የውሻዋን የሳል ክትባት መጠየቅ አለባቸው፣ ካልጠየቁሽ የሌሎቹንም አልጠየቁም ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን የሚወጋ ክትባት ደግሞ ወዲያው አይሰራም። ግን ለድመቱ ስል እኔ ቤቱ ይቆይ ባይ ነኝ። ሳልረሳው፣ ቤትሽ ሊሊ አበባ ካለ አውጪ፣ ጠባቂዋም ይዛ እንዳትመጣ፣ ብናኙን ከፀጉሩ ላይ ቢልስ እንኳ ኩላሊቱን ያበላሽበታል።

ሆደ_ባሻ፦

ኧረ ተባረኩ፣ እንዲህ ይፃፋል ብዬ አልጠበኩም። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሴትየዋን ቤት ጠራኋት። እውነቷን ነው ጎበዝ ናት፣ ገና ከመግባቷ በሩን ዞራ አየችው፣ "ይሄ ከኋላ ይቆለፋል?" አለችኝ፣ መድሃኒቱን ስጠይቃት ሳታስብ "ምንም አልሰጥም" አለች። ግን ቁልፍ_ያዥ እንዳልከኝ ስንት ቤት ይዘሻል ስላት አራት አለች። አራት! በቀን ሁለቴ፣ በአንዴ ግማሽ ሰአት ነው የምትሰጠኝ፣ ማደር አትችልም። ዋሽታኝ ቢሆን አላውቅም ነበር፣ ስለነገረችኝ አከበርኳት።

ከዛ የአክስቴን ልጅ ጠርቼ ቁጭ አደረኩት። ምንም አልጠየቀኝም! ሆዴ ቁርጥ አለ። ግን እዚህ የፃፋችሁትን በሙሉ አስነበብኩት፣ ስለ ድመቱ ሽንት ያለውን ሁለቴ አነበበው። ቅዳሜ ማታ ለሙከራ ብዬ ቤቱን ለሱ ለቅቄ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ አደርኩ። ከምሽቱ አምስት ሰአት ላይ ስልኬ ጮኸ፦ "ሶስቴ ገብቶ ወጣ፣ ልምጣ ወይ ይዤው ወደ ሐኪም ልሂድ?" ልቤ ቀጥ አለች። ቪዲዮ ኮል አድርጌ ሳየው አቶ ድመት ሸንቶ ጨርሶ አሸዋውን አልጣመኝም እያለ ደጋግሞ እየቆፈረ ነው፣ በሽንቱ የረጠበ ትልቅ የአሸዋ ጓል በግልፅ ይታያል። ልጁ አፍሮ ይቅርታ ይለኛል፣ እኔ ግን በሳቅና በእንባ መሃል ነበርኩ።

ስለዚህ ልጁ ያድራል፣ ሴትየዋ በቀን አንዴ ቀትር ላይ እየመጣች ታያቸዋለች፣ ሁለቱም እርስ በርስ ስልክ ተለዋውጠዋል። ሁለቱንም መክፈል ኪሴን ይጎዳል ግን ይሁን።

የቡችላ_አባት፦

የአክስት ልጅ ብዬ ነበር እኮ 😄

ነጭ_መዳፍ፦

ካሜራና ማሽን ብለህ ነበር 😄 ሆደ_ባሻ፣ ልጁን አሸዋውን ሲያፀዳ ጓሎቹን እየቆጠረ እንዲፅፍ አድርጊው። ትልቅ ጓል በቀን ሁለት እስከ አራት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ብዙ ትንንሽ ጠብታ ወይ ባዶ ከሆነ ያን ጊዜ ነው የሚደወለው።

ሆደ_ባሻ፦

ከሄድኩ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው፣ ጠይቃችሁኝ ስለነበር ልመልስ ብዬ ገባሁ። ውሻዋ ደህና ናት፣ አንዴ ነጎድጓድ ነበር መታጠቢያ ቤት ገብታ አብረው ተቀምጠው አሳለፉት፣ ልጁ ስልኩን ይዞ እንደሆነ አልጠራጠርም። በየጠዋቱ ቪዲዮው ይመጣል፣ ከስሩ ቁጥር ብቻ ይፅፋል፣ ሰላምታም የለው። ዛሬ ጠዋት "3" ይላል።