አውሮፕላኑ ሲንደረደር ድንገት ቆመ፤ ካፒቴኑ "መብራት በርቶብን ነው" አለ። ለዚህ ይቆማል እንዴ?

ማሂ_4ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ የገጠመኝን ልጠይቃችሁ። የአየር መንገዱን ስም መጥራት አልፈልግም። አውሮፕላኑ ሞተሩን አስጩሆ መንደርደር ጀመረ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋ አደረገኝ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ቀበቶው ሆዴን ሊቆርጠኝ ነበር። አጠገቤ የነበሩት እናት "ማርያም! ማርያም!" ይላሉ። ቆይቶ ካፒቴኑ በማይክ "የማስጠንቀቂያ መብራት ስለበራ መነሳቱን አቋርጠናል፣ የሚያሰጋ ነገር የለም" አለን። ወዲያው ግን የእሳት አደጋ መኪኖች መጥተው ከበቡን! ሰዎቹ ራቅ ብለው ጎማውን ጎማውን ያያሉ። እዚያው ለረጅም ሰዓት ተገትረን ቆየንና በዚያው አውሮፕላን መጣን።

የሚያሰጋ ነገር ከሌለ ለምን እንደዚያ ቆመ? ካለስ እንዴት በዚያው ያበሩናል? የአጎቴ ልጅ "ጀማሪ ፓይለት ደንግጦ ነው" ይላል። ከገና በኋላ እናቴን ይዤ ልመለስ ስለሆነ በወጉ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ባለመፍቻ፦
እንኳን በሰላም ገባሽ እህቴ። እኔ ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ አብራሪ አይደለሁም። የአጎትሽ ልጅ ግን ዝም ቢል ይሻለዋል። ሁለቱ አብራሪዎች ገና ሳይንደረደሩ ምን ሲገጥማቸው እንደሚቆሙ፣ ማን "ስቶፕ" እንደሚል፣ ማን ምን እንደሚይዝ ይነጋገራሉ። መንደርደር ከተጀመረ በኋላ መመካከሪያ ጊዜ የለማ።

ነገሩን የሚወስነው ፍጥነት ነው። ቦይንግ ላይ እስከ 80 ኖት፣ ኤርባስ ላይ እስከ 100 ኖት (በሰዓት 150 እና 185 ኪሎ ሜትር ገደማ) ለትንሹም ለትልቁም ይቆማሉ። ገና ብዙ መንደርደሪያ ስለሚቀር ብዙም አያስጨንቅም። ከዚያ ካለፈ ግን ለእሳት፣ ለሞተር መጥፋት ወይም "ይሄ ነገር አይበርም" ለሚያሰኝ ብልሽት ካልሆነ በቀር ይቀጥላሉ። ዘመናዊዎቹ አውሮፕላኖች እንዲያውም በዚህ ሰዓት ጥቃቅኑን ማስጠንቀቂያ ራሳቸው አፍነው ይይዙትና ከተነሱ በኋላ ነው የሚያሳዩት። ቀጥሎ ቪ ዋን የሚባል ፍጥነት አለ፤ እሱን ካለፈ በኋላ ልቁም ቢል የቀረው መንደርደሪያ ላይበቃው ይችላል። እንደ ክብደቱ፣ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ መንደርደሪያው ርዝመት ለየበረራው ይሰላል። ካፒቴኑ እስከዚያ ድረስ እጁን የሞተሩን ጉልበት ከሚቆጣጠርበት ማንሻ ላይ አያነሳም። "ቪ ዋን" ሲባል ያነሳል። ልቁም ልቁም እንዳይለው ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በቀረው ይነሳል፣ የተሠራውም እንደዚያ ተደርጎ ነው።

መኪኖቹ የመጡት ለፍሬኑ ነው። ያን ሁሉ ክብደት በዚያ ፍጥነት ሲያቆሙት ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዴ እንደ ፍም ይቀላል። ጎማው እንዳይፈነዳ ቸርኬው ላይ በሙቀት የሚቀልጡ ትንንሽ መድፈኛዎች አሉ። እነሱ ይቀልጡና አየሩን ያስተነፍሱታል። ሰዎቹ ራቅ ብለው የቆሙት ለዚህ ነው። እናንተንም ካስጠበቃችሁ ነገር አንዱ ፍሬኑ እስኪበርድ መሆን አለበት፤ የጋለ ፍሬን ይዞ እንደገና መንደርደር ክልክል ነው፣ ድጋሚ መቆም ቢመጣ ላይዝ ይችላል።

ተጠራጣሪው፦
እናመሰግናለን፣ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ከቪ ዋን በኋላም ቢሆን መሬት ላይ መቅረት አይሻልም? ሣር ውስጥ ገብቶ መቆምና የተበላሸ አውሮፕላን ይዞ ሰማይ መውጣት እኩል ናቸው? እኔ ብሆን ሣሩን ነው የምመርጠው ሃሃሃ።

ሲሙሌተር_ወዳጅ፦
ሣር ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ስፔን፣ ማላጋ ላይ አንድ ዲሲ-10 ሊነሳ ሲል የፊት ጎማው ተላጠና ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሞተሮቹ ደህና ነበሩ። ካፒቴኑ ግን ቪ ዋንን አልፎ አፍንጫውን ማንሳት ከጀመረ በኋላ ተወው። አውሮፕላኑ አጥር ጥሶ፣ አውራ ጎዳና አቋርጦ ተቃጠለ፤ ከ394 ሰዎች 50ዎቹ ሞቱ። በካፒቴኑ ብቻ አልፈርድበትም። የዚያን ጊዜ ሥልጠና ስለ ሞተር መጥፋት እንጂ ስለ ጎማ አያስተምርም ነበር። በ1992 ደግሞ ኒውዮርክ፣ ጄኤፍኬ ላይ የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ በረራ 843 አብራሪዎች መሬት ከለቀቁ በኋላ የስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ነው የሚል) ማስጠንቀቂያ መጣባቸውና መልሰው አወረዱት። ማስጠንቀቂያው የውሸት ነበር። አውሮፕላኑ ነደደ፣ 292ቱም ሰዎች ግን ተርፈዋል።

ላንተ የሚያደላም አለ፣ አልደብቅህም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ ዊሎው ራን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ኤምዲ-83 አውሮፕላን የዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጭኖ ሲንደረደር ካፒቴኑ መሪውን ወደ ራሱ ቢስብ አፍንጫው አልነሳም። ቪ ዋን አልፏል። አቆመው። አጥር ጥሶ ወጣ፤ ከ116 ሰዎች አንዱ ብቻ ቀላል ጉዳት ደረሰበት። ቆሞ ሳለ ኃይለኛ ነፋስ የጅራቱን መቆጣጠሪያ ነክሶ እንዲቀር አድርጎት ኖሯል፣ ቢቀጥል አይነሳም ነበር። "አይበርም" የሚለው በር ክፍት የተተወው ለእንደዚህ ያለው ቀን ነው። መብራት ስለበራ ብቻ ግን በዚያ በር አይወጣም።

ማሂ፣ የቦይንግ የሥልጠና ሰነድ እንደሚለው ከ3,000 መነሳት አንዱ ገደማ ይቋረጣል፣ ከሚቋረጡትም ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ከ80 ኖት በታች ነው።

የጣና_ልጅ፦
የኛውን ረሳችሁት እኮ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሊነሳ ሲል የእርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ዋጡ። ተነስቶ ሊመለስ ሲዞር ሞተሮቹ ከዱት፣ ጎማ ሳያወጣ ሜዳ ላይ አረፈ። ከ104 ሰዎች 35ቱን አጣን። ቁጭ ብሎ "ለምን አልቆመም" ማለት ቀላል ነው፤ እሱ ያሰበበት ጊዜ ይህን ጽሑፍ ከማንበቢያው ያንሳል።

ባለመፍቻ፦
እውነት ነው። ደግሞ እኛ አገር ከፍታውም አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው ላይ ያው ቁጥር ቢነበብም አውሮፕላኑ መሬቱ ላይ የበለጠ ይፈጥናል፣ ፍሬኑም የበለጠ ይሞቃል። የቦሌ መንደርደሪያ ወደ 3,800 ሜትር የረዘመው ለጌጥ አይደለም።

ማሂ_4ኪሎ፦
ተባረኩ፣ ገብቶኛል። ግን በዚያው አውሮፕላን ያበሩን ነገር? ደግሞ ከእናቴ ጋር ሆኜ ቢደገም ምን ላድርግ?

ባለመፍቻ፦
መብራቱን ያበራው ብዙ ጊዜ ሴንሰር ወይም በደንብ ያልገጠመ በር ይሆናል። መካኒክ ይመጣል፣ ስህተቱን ከኮምፒውተሩ ያነባል፣ ይጠግናል ወይም ይቀይራል፣ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ያ ፊርማ ሳይኖር ካፒቴኑ አይነሳም። እኔም ብሆን ያላመንኩበትን አልፈርምም፣ እንጀራዬ ነው።

ከቆመ በኋላ ቀበቶ አትፍቱ፣ ከወንበር አትነሱ፣ ሆስተሷ የምትለውን ስሙ። በማንሸራተቻ ውጡ ከተባለ ሻንጣ የሚባል ነገር አትንኩ፣ እናትሽ ነጠላቸውን ጠበቅ ያድርጉ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አውልቁ። የእናትሽን መድኃኒት ላይኛው ሳጥን ውስጥ አታድርጊው፣ ኪስ ውስጥ ይሁን።