አንድ ስሎቫክ ልጅ አሜሪካ ወዳለው አባቱ ብቻውን እንዴት ይደርስ ነበር?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ስለ አውሮፓውያን ስደት ስንማር፣ ዛሬ ስሎቫኪያ ከሚባለው አገር ተነሥቶ በፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል ወደሚቆፍረው አባቱ የሚሄድ የ15 ዓመት ልጅ በምናባችን ይዘን መንገዱን እየተከተልን ነው። ዘመኑን 1909 አድርገነዋል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙዎቹ ተማሪዎች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የወረደ ወንድም ወይም አጎት ስላላቸው፣ አጥብቀው የጠየቁኝ ትኬቱን ማን እንደ ቆረጠለት፣ ማን እንደ ተቀበለውና ልጅ ሆኖ ሳለ ብቻውን እንዴት እንዳሳለፉት ነው። የምታውቁ ብታስረዱን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ ልጆቹ የጠየቁት ዋናውን ጉዳይ ነው። አባት ወይም ወንድም ቀድሞ ከሄደ፣ እዚያው አሜሪካ ለመርከብ ወኪል ከፍሎ የተቆረጠውን ትኬት በፖስታ መላክ የተለመደ ነበር። ልጁ በባቡር ወደ ጀርመን የወደብ ከተሞች፣ ወደ ብሬመን ወይም ወደ ሃምቡርግ ይወርዳል፤ ከመሳፈሩም በፊት ይመረመራል፤ ምክንያቱም ከ1903 ጀምሮ ቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ተላላፊ በሽታ ያለበትን ሰው ያመጣ የመርከብ ድርጅት 100 ዶላር ይቀጣ ነበር፤ የተመለሰውንም ሰው የሚያጓጉዘው በራሱ ወጪ ነበር። በመርከቡ መዝገብ ላይ ትኬቱን ማን እንደ ከፈለ፣ ወደ ማን እንደሚሄድና የዘመዱ አድራሻ ይጻፋል። በዚያን ጊዜ ስሎቫኪያ የሚባል መንግሥት ስላልነበረ ልጁ በዜግነት የሃንጋሪ ሰው ነው፤ ይሁንና መዝገቡ ከ1899 ጀምሮ ስለ ሕዝብ ማንነት የሚጠይቅ ዓምድ ስለነበረው፣ እዚያ ላይ «ስሎቫክ» ተብሎ ይሰፍራል። ይህን ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩልኝ ደስ ይለኛል፤ አገሩ በካርታ ላይ ያልነበረ ሕዝብ ስሙ በባዕድ አገር መዝገብ ተጽፎ ነበርና።

መልስ (ከባሕር ዳር)

በጤና ሙያ ስለምሠራ፣ በኒው ዮርክ ወደብ የስደተኞች መቀበያ በነበረው በኤሊስ ደሴት ስለነበረው ምርመራ ልጨምር። ሐኪሙ የዐይኑን ቆብ በጣቱ ወይም የጫማ ቁልፍ በሚሳብበት ትንሽ መንጠቆ ገልብጦ ውስጡን ያያል፤ የሚፈልገውም እኛ ጎጃሞች እጅግ የምናውቀውን ትራኮማን ነው። በሽታው ከተገኘበት አባቱ ደጅ ላይ ቆሞ ቢጠብቀውም እንኳ ሊመልሱት ይችሉ ነበር። የተጠረጠረ ሰው ልብሱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበትና ከሰልፉ ይወጣል።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ የ1907ቱ ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነና ከወላጆቹ አንዱ እንኳ አብሮት የሌለ ልጅ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ልጁን አባቱ ወይም ሌላ ዘመዱ እስኪቀርብ፣ አለዚያም አድራሻውን የሚያረጋግጥ ቴሌግራም እስኪደርስ በደሴቱ ያቆዩታል። «አባቴ ማዕድኑ ውስጥ ሥራ ይዞልኛል» እንዳይልም ይጠንቀቅ፤ በ1885ቱ ሕግ አስቀድሞ በሥራ ውል መግባት ክልክል ስለነበረ እንዲህ ያለ መልስ ያስጠረጥረዋል።

የጠያቂው ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ዕድሜውን አንለውጥም፤ በደሴቱ ይቆይና ሲጠየቅ የሚሰጠውን መልስ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጻፉት። አንዲት ተማሪ ግን ያነሣችው ጥያቄ ቀርቶብኛል፦ ልጁ ከደረሰ በኋላ አባቱ ማዕድኑ ውስጥ ቢሞትስ?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)

የልጅቷ ሥጋት እውነት ነው። እናንተ ከመረጣችሁት ዘመን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1907፣ በዚያው በፔንሲልቬኒያ ዳር በተባለው ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 239 ሰዎች ሞተዋል። ስሎቫኮቹ እንዲህ ያለውን ቀን የሚችሉት ልክ እንደ እኛ ዕድር መዋጮ በሚሰበስቡ ማኅበሮቻቸው ነበር፤ በ1890 አንዱ በፒትስበርግ፣ ሌላው የካቶሊኮቹ በክሊቭላንድ ተመሥርተዋል። አባትየው አባል ከነበረ ማኅበሩ ለቤተሰቡ የሞት ካሣ ይከፍላል። ካልነበረ ግን ልጁ የሚተማመነው በአገሩ ልጆችና በገዛ ጉልበቱ ብቻ ነው።