ወንድሜ አባታችንን ሲያይ መንገድ ቀየረ፤ ጸባይ ነው ወይስ ዕድሜ?

እህቱ ነኝ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ቤተሰቦቼ መንዝ ገጠር ናቸው፤ እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ መሐል ሜዳ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል። ስንቁን በገበያ ቀን አባታችን ናቸው የሚያደርሱለት። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ያው እንደምታውቁት።

ባለፈው አባዬ በርኖሳቸውን ደርበው፣ አህያዋን አከራዮቹ በር ላይ አስረው ይጠብቁታል። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገና ከሩቅ አያቸውና በሌላ መንገድ ታጠፈ። አባዬ አይተውታል። ምንም ሳይሉ ስንቁን ለአከራይዋ ሰጥተው ተመለሱ። እቤት ገብተው ለእማዬ «ልጅሽ አድጓል» ብቻ አሏት። እማዬ ስልክ ላይ አለቀሰችብኝ።

ድሮ እኮ ከአባዬ ጎን የማይጠፋ ልጅ ነበር። አሁን ስደውልለት «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ሌሊት ቲክቶክ ላይ ያመሻል፣ ጠዋት አይነሳም አሉ።

ትንሿ እህታችን ደግሞ 9 ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ካርድ ከወሰደች ወዲህ «እኔ ደደብ ነኝ» እያለች ደብተር አልነካም ብላለች። የሁለቱም ነገር ጨነቀኝ።

የጣርማበሩ
እኛ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ብናደርግ ልምጭ ነበር መልሱ። ስንቁን ለአንድ ወር ያቁሙበት። ራቡ ራሱ አባቱን ያስናፍቀዋል።

መምህሩ (ሰላ ድንጋይ)
ወንድሜ የጣርማበሩ፣ ስንቅ ከቆመበት ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቀን ሥራ ነው የሚሄደው። ተከራይተው የሚማሩ ልጆች እንዴት እንደሚቀሩ እኛ መምህራኑ እናያለን።

እህቴ፣ ነገሩ ንቀት አይመስለኝም። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ ማሰላሰል ይጀምራል። ችግሩ የራሱን ጭንቀትና የሰውን ሐሳብ ገና አይለይም። ፊቱ ላይ አንድ ብጉር ቢወጣ ክፍሉ በሙሉ እሱን ብቻ የሚያይ ይመስለዋል። ዴቪድ ኤልካይንድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1967 እ.ኤ.አ. ይህንን «ምናባዊ ተመልካች» ብሎ ገልጾታል። የወንድምሽ ተመልካቾች ግን ምናባዊ ብቻ አይደሉም። አብረውት የሚያድሩት ልጆች ማታ ይቀልዱበት ይሆናል። ያንን እኛ አንሰማውም።

ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባል ሌላ የሥነ ልቦና ባለሙያ ደግሞ የጉርምስና ዋናው ሥራ «እኔ ማነኝ?» የሚለው ጥያቄ ነው ይላል። ልጁ እስካሁን የገበሬ ልጅ ነበር፤ በቃ። አሁን ከተማ ገብቶ ተማሪም፣ ተከራይም፣ የጓደኞቹ ጓደኛም ሆነ። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስማማበት መንገድ ገና አላገኘም። አባቱ በር ላይ ሲቆሙ ሁለቱ ዓለሞቹ ተገናኙበት።

ይሄን ስል ዝም በሉት ማለቴ አይደለም። ማፈሩን ተረዱለት፣ መሸሹን ግን ይቅርታ ይጠይቅበት። ሽማግሌ አትሰብስቡበት፣ ጓደኞቹ ፊትም አታንሱበት። አንቺ ብቻሽን አናግሪው። ለወላጅ የማይነገር ለታላቅ እህት ይነገራል።

ድሮ ተከራይ (ዓለም ከተማ)
መምህር ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ተከራይተው ከሚኖሩት መሀል የአንዱ አባት በቴሌብር ብር ይልካል፣ የሌላው በአህያ ስንቅ ያመጣል። ልጆቹ ይቺን ልዩነት አብጠርጥረው ነው የሚያውቋት። ስለዚህ አሰጣጡን እሱ ይወስን። ገበያው ጋ መጥቶ ይቀበላቸዋል? ወይስ ቅዳሜ ቤት ሄዶ ራሱ ይዞ ይመለሳል? ትልቅ ሰው መሆን ከፈለገ የትልቅ ሰው ሥራ ስጡት፣ ወጪውንም በደብተር ይያዝ። እኔ እንደማየው በዚህ ዕድሜ ከምክር ይልቅ ኃላፊነት ነው የሚሠራው።

ሲስተር (ጤና ጣቢያ)
ስለ እንቅልፉ ልበል። ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን የጎረምሳ ሰውነት ከልጅነቱ ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ማምሸቱ ሁሉ ስንፍና አይደለም። ግን ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ስልኩ ደግሞ ያለችውንም ይበላበታል። ሦስቱም ልጆች ስልካቸውን ማታ አንድ ቦታ ለማስቀመጥ ቢስማሙ ይሻላል። ብቻውን ከተከለከለ አይሆንም፣ ተደብቆ ነው የሚከፍተው።

ራስን የሚገታውና የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያልቀው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። ቁመቱን አይታችሁ ከእሱ ብዙ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። ከቤተሰብ ሸሽቶ ከጓደኛ ጋር የሚስቅ ልጅ አንድ ነው። ከጓደኛም የሸሸ፣ ምግብ የተወ፣ ትምህርት የጠላው፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ልጅ ሌላ ነው። በ2013 እና በ2014 በአካባቢያችን የሆነውን ግጭትና ጦርነት በዓይናቸው ያዩ ልጆች አሉ። ድንጋጤው ቆይቶ በዝምታ፣ በቅዠት ወይም በቁጣ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ዕድሜ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ እነሱ ወደ ሆስፒታል ይልኩታል።

የአረርቲ እናት
ትንሿን ሁሉም ረሷት! ቤት ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው አይደል? ሁላችንም ቤት እንደዚያ ነው። ሕፃን እያለች ብትጠይቂያት ከሁሉም ጎበዝ እኔ ነኝ ትላለች። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላት ግን ራሷን ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር መለካት ትጀምራለች። ያኔ ነው ቅስሟ የሚሰበረው።

እኔ ለልጄ ደረጃዋን መጠየቅ ትቼ «የቱ ሒሳብ አስቸገረሽ?» ማለት ጀመርኩ። ጎበዝ ነሽ እያሉ ማሞገስም ብዙ አይረዳም፣ ስትወድቅ «ለካ ጎበዝ አይደለሁም» ትላለችና። የሠራችውን ነገር ለይታችሁ አመስግኑ። ደግሞ የምትችለው ሥራ ይኑራት። ጫጩቶቹን ትያዝ፣ ለእማዬ የገበያ ሒሳብ ታስላ።

መምህሩ (ሰላ ድንጋይ)
እውነት ነው። ኤሪክሰንም ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለውን ዕድሜ «እችላለሁ» ወይም «አልችልም» የሚለው የሚተከልበት ነው ይላል። እህቴ፣ ካርዷ ላይ የወረደችው በሁሉም ትምህርት ነው ወይስ በአንዳንዱ?

ሲስተር (ጤና ጣቢያ)
ዓይኗስ ታይቷል? ሰሌዳው የማይታያት ልጅ ደደብ ነኝ ብላ ነው የምታስበው። ሌሎቹም እንደሷ የሚያዩ ይመስላታላ።

እህቱ ነኝ (ደብረ ብርሃን)
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ደወልኩለት። የአባዬን ነገር ሳላነሳ «ስንቁን እንዴት ብናደርገው ይሻልሃል?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አባዬ ተቀየሙኝ አይደል፣ እትዬ?» አለኝ። ቅዳሜ ቤት ሄዶ ራሱ ሊያመጣ ነው። ይቅርታውን እዚያው ይጠይቃቸው ብዬዋለሁ። ከጓደኞቹ ጋር ግን ኳስ ይጫወታል፣ ይበላል፤ ሲስተር ያሉት ምልክት የለበትም።

ለትንሿ ካርዱን እማዬ በጎረቤት ልጅ አስነበበችው። አማርኛና ሒሳብ ነው የወረደችው፤ ስፖርትና ሥዕል ደህና ነው። የምትቀመጠው ከኋላ ነው አሉ፤ ዓይኗን ማንም አላሰበውም። ለፋሲካ ስሄድ ይዣት መጥቼ እዚህ አስመረምራታለሁ። እስከዚያ መምህሯ ፊት እንዲያስቀምጧት አባዬ ሰኞ ሄደው ያናግራሉ።