ኮንፎካል ላይ የሚያበራው ክር ፈንገስ ነው ወይስ ነርቭ?

ጠያቂ (ከጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። የበቆሎ ቅጠል ወይም የቡና ቅርንጫፍ የወጋው ዓይን ኮርኒያው (የዓይን ብርሃን አሳላፊው የፊት ሽፋን) ቆስሎ ሲመጣ የለመድኩት ፍቆ በኬኦኤች (ፈንገሱ በማይክሮስኮፕ እንዲለይ ናሙናው ላይ በሚጨመር ፈሳሽ) ማየት ነው። አሁን ኤችአርቲ 3 የተባለውን ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ (ዓይንን በሌዘር ንጣፍ በንጣፍ የሚያሳይ ማሽን) ኮርኒያን ከሚያሳየው የሮስቶክ ሞጁሉ ጋር እየተለማመድኩ ነው። ቁስሉ መሀል ላይ ምስሉ ድፍን ነጭ ይሆንብኛል። ጠርዙ ላይ ክር አያለሁ፤ ፈንገስ ይሁን ነርቭ መለየት አቃተኝ።

መልስ 1
መሀሉን ይተዉት። እዚያ ያለው የሞተ ሥጋና መግል ነው፤ የ670 ናኖሜትሩን ሌዘር ስለሚበትነው ከሥሩ ያለው አይታይም። በሰዓት ፊት አቀማመጥ በ12፣ በ3፣ በ6 እና በ9 ላይ ከጤነኛው ወደ ቁስሉ እየገቡ ጠርዙን ያንሱ። ብሩህነቱን ማሽኑ ራሱ እንዲመርጥ አይተዉት፤ በእጅ ዝቅ ያድርጉት።

ደግሞ ጄሉን ይፈትሹ። በሌንሱና በቶሞካፑ (ዓይኑን በሚነካው ቆብ) መካከል የገባች አንዲት የአየር አረፋ ምስሉን ታደበዝዛለች። ዓይኑን ከመንካትዎ በፊት የቶሞካፑን ፊት ፎከስ አድርገው ጥልቀቱን ዜሮ ላይ ያስይዙ። ይህን ከዘለሉ፣ ከዚያ በኋላ በማይክሮን (በሚሊሜትር አንድ ሺኛ) የሚያነቡት ጥልቀት ሁሉ ዋጋ የለውም።

መልስ 2
ክሩን የሚለየው መልኩ ብቻ ሳይሆን ያለበት ጥልቀት ጭምር ነው። ከኤፒተልየሙ (ከኮርኒያው የላይኛ ሽፋን) ሥር ያሉት ቀጫጭን ነርቮች፣ በጤነኛ ኮርኒያ መሀል 50 ማይክሮን አካባቢ፣ በአንድ ንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ፎከሱን ትንሽ ሲያወርዱት አብረው ይጠፋሉ። የፈንገስ ክር ግን ስትሮማ (የኮርኒያው ወፍራም መካከለኛ ንጣፍ) ውስጥም ይገኛል፤ እየተቆራረጠ፣ እየተጠላለፈ፣ ያለ ሥርዓት ቅርንጫፍ ያወጣል። ውፍረቱ ከ3 እስከ 10 ማይክሮን ነው። ምስሉ 400 ማይክሮን በ384 ፒክሰል ስለሆነ አንዱን ፒክሰል በግምት 1 ማይክሮን ብለው ይለኩ። የስትሮማ ግንድ ነርቭ ከዚህ እጅግ ይወፍራል።

የበለጠ የሚያሳስተው በብግነት የተቆጣው ኬራቶሳይት (የስትሮማው ሕዋስ) ነው፤ እሱም እንደ መረብ ያበራል። ውስጡ ኒውክሊየስ ካዩ ፈንገስ አይደለም። ቅርንጫፉ 45 ዲግሪ ነው ወይስ 90 እያሉ አስፐርጂለስን ከፉዛሪየም (ሁለቱም የፈንገስ ዓይነቶች ናቸው) ለመለየት መሞከር ግን አያዋጣም፤ ያንን ለካልቸር (ናሙናውን አብቅሎ ለመለየት) ይተዉ።

ጠያቂ (ከጅማ)
እግዜር ይስጥልኝ። ፍቂያው ከኮንፎካሉ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ?

መልስ 3
በኋላ። ቀድመው ከፋቁት ገጹ ይበላሻል፣ ደምም ይጋርዳል። ምስሉን እንደጨረሱ ጄሉን በሳላይን በደንብ አጥበው ይፋቁ። ቁስሉ ሳስቶ ደሰሜ ሽፋን (የኮርኒያው ቀጭን የውስጥ ንጣፍ) ላይ ከደረሰ ግን ቶሞካፑን አያስነኩት፤ ሊበሳ ይችላል። ክር አላየሁም ብለው ኬኦኤችና ካልቸሩን እንዳይዘሉ፤ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በዚህ ማሽን አይታዩም።