ፍሬኑ ሲጢጥ ይላል፣ ሞተሩም ጠዋት ጠዋት ድምፅ ያወጣል፤ የቱን ላስቀድም?

ባለ ነጯ መኪና

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሦስት ድምፅ ተደራርቦ ግራ አጋብቶኛል። መኪናዬ 1,300 ሲሲ ቤንዚን ናት፤ ማርሿ በእጅ ነው፣ ፍሬኗ ፊት ዲስክ ኋላ ታምቡር። ኪሎ ሜትሯ 180,000 አልፏል።

አንደኛው ከፊት ግራ ጎማ በኩል የሚመጣ ቀጭን ሲጢጥታ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ስወጣ ብቻ ነበር፤ አንድ ሁለቴ ፍሬን ስይዝ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ አለ። የገረመኝ ደግሞ ፍሬን ሳልረግጥ መጮኹ ነው። ፔዳሉን ነካ ሳደርገው ዝም ይላል፣ ስለቀው ይቀጥላል። ፍጥነት ስጨምር እሱም ይፈጥናል።

ሌላው ከሞተሩ ነው። ጠዋት አስነስቼ መሪውን ጥግ ድረስ ሳዞር ወይም ኤሲ ስከፍት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያወጣል። ከሱ ሌላ ጠቅ ጠቅ የሚል አለ፤ ቆሜም ቢሆን ነዳጅ ስሰጥ ይፈጥናል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት የለም።

ያሳየሁት መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና «ዲስክም ሸራም ይቀየር፣ ሞተሩም ይከፈት» አለኝ። ጎማ እንኳ አልፈታም። ሞተር ይከፈት ማለቱ አስደንግጦኛል። እውነት እዚያ ያደርሳል?

የሌሊት ሹፌር

አይዞሽ፣ የፍሬን ጩኸት መኪና አያቆምም። ዲስኩ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ነፋ ነፋ አድርጊበት፣ ዝም ይላል። መሪ ስታዞሪ የሚጮኸው ቺንጋ ነው፣ ሞተሩ ፊት የሚዞረው ቀበቶ፤ ደረቅ ሳሙና አሽተሽ ሞክሪው።

ቁልፍ 17

እህቴ፣ ከላይ የተመከርሽውን ተዪው። ዝገት ማላቀቂያ ቅባት አለው። ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክና እሱን ጨምቆ በሚይዘው ሸራ መሃል ከገባ ጩኸቱ ይጠፋል፣ ፍሬኑም አብሮት ይጠፋል። ሳሙናውም ቺንጋውን ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል እንጂ የላላውን አያጠብቅም።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ደንበኛ ድምፁን በአፉ ሊያስመስልልኝ ሲጀምር አስቆመውና «መቼ?» እለዋለሁ። ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ? ከጎማው ዙር ጋር ነው ወይስ ከሞተሩ? ሲበርድ ነው ወይስ ሲሞቅ? አንቺ ሳልጠይቅሽ አብዛኛውን ጽፈሽዋል፤ ያ መካኒክ ይህን ቢሰማሽ ኖሮ ኮፈኑን ባልነካ።

ፍሬኑን እንይ። ጠዋት ጮኾ የሚጠፋው የተለመደ ነው። ዲስኩ ጥሬ ብረት ስለሆነ ጤዛ ወይም ዝናብ ሲያገኘው ስስ ዝገት ያበቅላል፤ የመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች ይጠርጉታል። አሁን ያለሽው ግን ሌላ ነው። ሳትረግጪ የሚጮኽ፣ ስትረግጪ ዝም የሚል ከሆነ የምጠረጥረው የሸራውን ማለቂያ ጠቋሚ ነው። ብዙ ሸራዎች ጠርዛቸው ላይ የታጠፈች ትንሽ ላሜራ አለቻቸው። ሸራው አልቆ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ጫፏ ዲስኩን መንካት ትጀምራለች። ዲስኩ ሲዞር እሷ ትርገበገባለች፤ ቀጭኑ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፔዳሉን ስትረግጪ ሸራው ተጭኖ ስለሚያዝ መርገብገቧ ይቆማል። ይህችን ላሜራ ጩኸቷ ሰለቸኝ ብሎ በፒንሳ የሚቆርጥ ሰው አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ እንደምመክረው እስካሁን አላውቅም።

ጠጠር ሊሆንም ይችላል፤ ከዲስኩ ጀርባ ያለው የአቧራ መከላከያ ላሜራ ውስጥ ገብቶ ይፍቃል። እሱ ግን ፔዳል ረገጥሽ አልረገጥሽ ግድ የለውም፣ ጩኸቱን ይቀጥላል። ያንቺ ስለሚቆም ወደ ሸራው አደላለሁ።

አደራ፣ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቀሽ «ሸራው ገና ነው» እንዳትዪ። ከውጭ የሚታይሽ የውጭኛው ብቻ ነው። ያንቺ ዓይነት መኪና ላይ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ያለው በውስጥ በኩል ነው፤ ካሊፐሩ፣ ሸራዎቹን የያዘው ክፍል፣ ደግሞ ሁለት ፒኖች ላይ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተ የውጭኛውን ሸራ ይጎትታል። ፒኑ ግሪሱ ደርቆ ወይም ዝጎ ከተያዘ መንሸራተቱ ይቀራል፣ ጭነቱን ሁሉ የውስጠኛው ሸራ ብቻውን ይሸከማል። ውጭኛው ግማሹ እያለ ውስጠኛው ብረቱ ብቻ የቀረበትን ስንቱን ፈትቻለሁ! ስለዚህ ጎማው ይፈታ። ክሪክ ላይ ብቻ የተንጠለጠለች መኪና ሥር ማንም እጁን አያስገባ፤ መቆሚያ ይደረግላት። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሚሊ ከደረሰ ይቀየራል፣ ያውም የግራውም የቀኙም አንድ ላይ።

አቧራውን በአየር አስነፊ ብሎ የሚነሳ ካለ ከልክዪው። በተለይ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በፍሬን ማጽጃ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ዲስክ ይቀየር ለተባለው፣ ይለካ። ዝቅተኛው ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ፣ ጠርዙ ወይም መሃሉ ጋ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጥልቅ ቦይ ወይም ስንጥቅ ከሌለው፣ ፍሬን ስትይዢም ፔዳሉ እግርሽ ሥር ካልተርገፈገፈ ለምን ይጣላል? ሲጢጥታው ወደ መፋጨት ከተለወጠ ግን ብረት ብረትን እየበላ ነውና እስኪሠራ አትንጃት።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ መሪ ስታዞሪና ኤሲ ስትከፍቺ የሚጮኸው በእርግጥም ቺንጋ ነው፤ በዚህ የሌሊት ሹፌር ትክክል ነው። መሪው ጥግ ሲደርስ የመሪ ፓምፑ ይከብዳል፣ ኤሲም ኮምፕረሰሩን ያስገባል፤ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ያን ጊዜ ፑሊው ላይ፣ በሚያዞረው ክብ ብረት ላይ፣ ይንሸራተታል። ጠዋት የሚብሰው ዲናሞው ለማስነሳት የወጣውን የባትሪ ኃይል ስለሚመልስ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ በሚጮኽበት ሰዓት፣ ቦይ ባለው የቺንጋው ገጽ ላይ ከሩቅ ትንሽ ውሃ ርጪበት። ሻርፕና ፀጉርሽን አስቀድመሽ ሰብስቢ፣ እጅሽንም አርቂ። ውሃው ሲነካው ከባሰበት መንሸራተት ነው፤ ይወጠራል ወይም ይቀየራል። ዝም ብሎ ቆይቶ ከተመለሰ ደግሞ ፑሊዎቹ መስመር ስተው ይሆናል።

ጠቅ ጠቅ የሚለው ነው ሰውየውን «ሞተር ይከፈት» ያሰኘው። ሲሞቅ ይጠፋል ማለትሽ እኔን ግን አረጋጋኝ። የቢየላ ብሮንዝ፣ ማለትም የፒስተኑ ክንድ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚገናኝበት ማረፊያ፣ ቢሆን ኖሮ በተቃራኒው ይሄድ ነበር፤ ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ድምፁ ይበረታል፣ ከታች ከካርተሩ፣ ከዘይት መያዣው፣ በኩል ኳ ኳ ይላል፣ በተለይ ነዳጅ ሰጥተሽ ስትለቂ። እሱን ከሰማሽ ሞተሩን ወዲያው አጥፊ። ሲበርድ ብቻ የሚሰማ ጠቅታ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ዘይት ቫልቮቹ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ወይ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ) ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን፣ መሃላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ያስተነፍሳል። የኋለኛው ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ክፍተቱን ይዘጋዋል።

ከሁሉ አስቀድመሽ ዘይቱን ለኪ። ሜዳ ላይ አቁመሽ፣ ሞተሩን አጥፍተሽ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቂ፣ መለኪያውን ጠርገሽ እንደገና ንከሪው። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ ያዢ፤ ጫፉን የቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮሽ ሥር አድርገሽ አዳምጪ፣ ከሚዞር ነገር ግን ራቂ። ቴስታታው ጎን፣ ማኒፎልዱ ጠርዝ ላይ የጥቀርሻ ምልክት ፈልጊ። ጥቁር ካለ ጭስ እየወጣ ነው።

ገና ጀማሪ

ጋሼ፣ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የኔዋ ከ60 ኪሎ ሜትር ስታልፍ እምምም ትላለች፤ ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ይብሳል። ፍሬን ብይዝ ባልይዝ ለውጥ የለውም። ይሄም ሸራ ነው?

ቁልፍ 17

አይደለም፣ ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ማረፊያ፣ ነው የሚመስለው። ወደ ቀኝ ስትጠመዝዝ ክብደቱ ግራ ጎማ ላይ ያርፋል፤ ግራውን ጠርጥር። ፍሪሲዮን ረግጠህ ሞተሩ ዙሩ ሲወርድ ድምፁ ካልቀነሰ ከጎማ በኩል ነው ማለት ነው። አስቀድመህ ግን ጎማዎቹን ተመልከት፤ በአንድ በኩል የተበላ ጎማም እንዲሁ ያጉረመርማል። በክሪክ አስነስተህ ጎማውን በእጅህ አዙር፣ ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ጎር ጎር ካለ ወይም ከተላወሰ አትቆይ።

ባለ ነጯ መኪና

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ መካኒክ ጋ ወስጄ ጎማው ፊቴ ተፈታ። እንዳሉት ነው፤ የውጭኛው ሸራ ገና ነው፣ የውስጠኛው ግን አልቆ ትንሿ ላሜራ ጫፏ እስኪያበራ ተስላለች። የታችኛው ፒን የጎማ ክዳኑ ተቀዶ ውሃ ገብቶበታል፤ በፒንሳ ነው የወጣው። ዲስኩ ላይ የተቀረጸው 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲለካ 19.6 ወጣ። አልተቀየረም።

ቺንጋው ውሃ ሲረጭበት ጮኸ፣ ጎኑም ተሰነጣጥቋል፤ አዲስ ገብቷል። ዘይቱ ልክ ነው። ማኒፎልዱ ሁለተኛው ሲሊንደር ጋ ጥቁር ጥላሸት አለው። ጓርኒሲዮን ይቀየራል ብሎኛል፣ ቴስታታ አይነካም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። አዲሱ ሸራ ከገባ በኋላ ፍሬኑ ትንሽ የለሰለሰ መሰለኝ፣ ጠዋትም ሽው የሚል ድምፅ አለው። ልመልሰው?

ቁልፍ 17

ሽው የሚለው ሸራውና ዲስኩ ገና ስላልተላመዱ ነው። ባዶ መንገድ ፈልጊና ከ50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 አካባቢ በለሰለሰ እግር አብርጂ፤ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሚ ደግመሽ ደጋግመሽ፣ በመሃል እንዲቀዘቅዝ እየነዳሽ። ከዚያ ሸራው ዲስኩ ላይ ይተኛል።

መለስለሱን ግን አልወደድኩትም። ቆመሽ፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ወይም ስትደጋግሚው ከፍ ካለ አየር ወይም ማፍሰስ አለ፤ ሳትነጂ መካኒኩን አስጠሪው። ባለበት ከቆመ ምንም አይደል። ፒኑ ላይ የተቀባው ግሪስ ለፍሬን የተሠራው መሆኑንም ጠይቂ፤ ተራው ግሪስ ሲግል ይቀልጣል፣ የፒኑን የጎማ ክዳንም ያሳብጣል።

የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውንም እዪ። ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ ይወርዳል፤ በመሃል የጨመረ ሰው ካለ አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ ሲገፋ ሞልቶ ይፈሳል። ፈስሶ ከሆነ አካባቢውን በውሃ እጠቢው፣ ቀለም ይልጣል።