ቨርጂኒያ ላይ የተፈረመ ናን-ኮምፒት ሜሪላንድ ድረስ ይከተላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። እህቴ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) በአንድ የአይቲ ድርጅት ሄልፕ ዴስክ ትሠራለች። በሰዓት 38 ዶላር ነው የሚከፈላት፤ ከ40 ሰዓት ካለፈች ኦቨርታይም አላት። ኦገስት 2025 የፈረመችው ኮንትራት፣ ከለቀቀች በኋላ ለ1 ዓመት በ50 ማይል ዙሪያ ተፎካካሪ ድርጅት ውስጥ «በማንኛውም የሥራ መደብ» እንዳትሠራ ይከለክላል፤ ናን-ኮምፒት የሚባለው ይህ ነው። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ሥራ አግኝታለች፤ አለቃዋ ደግሞ እንከስሻለን እያለ ነው። ይህ ነገር በፌዴራል ታግዶ አልነበረም?

መልስ፦ የፌዴራሉን ተወው ወንድሜ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) ናን-ኮምፒትን ለማገድ በ2024 ያወጣውን ደንብ ሥራ ላይ ሳይውል ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሽሮታል፤ በ2025 ኮሚሽኑ ራሱ ይግባኙን ትቶታል። የሚታየው የስቴቱ ሕግ ነው።

ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ «ዝቅተኛ ተከፋይ» የሚላቸውን ሠራተኞች በናን-ኮምፒት ማሰር ከልክላለች። የ2025 ጣሪያ በሳምንት 1,463.10 ዶላር ነበር። የእህትህ 38 በ40 ሲባዛ 1,520 ስለሚሆን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ግን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለተፈረመ ውል፣ በፌዴራል ሕግ ኦቨርታይም የሚገባው ሠራተኛ ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን በዚሁ ጥበቃ ውስጥ ገብቷል። እሷ የፈረመችው ኦገስት ላይ ነው። ሕጉን የጣሰ አሠሪ ለእያንዳንዱ ጥሰት 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ሌላ መልስ፦ ቀኑ ወሳኝ ነው። ከጁላይ 2025 በፊት ፈርማ ቢሆን ኖሮ የሚታየው ደመወዟ ብቻ ነበር፤ እሱም ከመልቀቋ በፊት ባሉት 52 ሳምንታት ያገኘችው ተደምሮ ለ52 ይካፈላል። ስለዚህ የፈረመችበትን ገጽና ፔይ ስታቦቿን (የደመወዝ ወረቀቶቿን) አሁኑኑ የግል ኢሜይሏ ላይ ታስቀምጥ። የድርጅቱን ፋይልና የደንበኛ ዝርዝር ግን እንዳትነካ፤ ናን-ኮምፒቱ ቢወድቅም የምስጢር ጥበቃው ውል አይወድቅም፣ ሰዉ የሚከሰሰውም ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

«በማንኛውም የሥራ መደብ» የሚለው ቃልም ለእሷ ይጠቅማታል። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ጊዜውን፣ የቦታውን ስፋትና የተከለከለውን የሥራ ዓይነት አንድ ላይ ይመዝናሉ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 የአንድ ተባይ ማጥፊያ ድርጅት ውል የጣለው ሠራተኛውን ከማንኛውም ዓይነት ሥራ ስለከለከለ ነው። ዳኞቹ በተለምዶ ውሉን አሳጥረው አያስተካክሉም፤ ከሰፋ ሙሉውን ይጥሉታል።

ጠያቂ፦ አዲሱ ሥራ ሜሪላንድ መሆኑ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ የሜሪላንድ ሕግ ላይ አትመኩ። እዚያ የሚጠበቀው ከስቴቱ ዝቅተኛ ክፍያ 150 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሚያገኝ ነው፤ በ15 ዶላር ሲሰላ 22.50 በሰዓት። እሷ ከዚያ በላይ ናት። የሜሪላንድ ዳኛ ደግሞ የሰፋውን ቃል ሰርዞ ቀሪውን ሊያጸና ይችላል። ለእሷ የሚሻላት የቨርጂኒያ ነው፤ ስለዚህ ውሉ መጨረሻ አካባቢ «የሚገዛው ሕግ» የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። የሌላ ስቴት ስም ካለ ከመልቀቋ በፊት የሥራ ሕግ ጠበቃ ይየው።

ስትወጣ የሚሰጣትን ወረቀትም ሳታነብ እንዳትፈርም፤ ያው እገዳ በትንሽ ገንዘብ ታጅቦ ተመልሶ ይመጣል። የድሮ ደንበኛ ራሱ ፈልጎ ቢመጣ ማገልገል ትችላለች፤ እሷ ግን ቀድማ አትደውል። ማስፈራሪያው በጽሑፍ ከመጣ ቀኑን ትያዝ፤ የቨርጂኒያ ሕግ ሠራተኛው አሠሪውን እንዲከስ የሰጠው 2 ዓመት አሠሪው ውሉን ለማስፈጸም እርምጃ ከወሰደበት ቀንም ሊቆጠር ይችላል፤ ካሸነፈች የጠበቃ ወጪዋንም መጠየቅ ትችላለች።